በባቡር ጣቢያ የቀሩት ልጆች

በእንግሊዝ አገር፣ በለንደን ከተማ፣ ሊቨርፑል ስትሪት የሚባል ትልቅ የባቡር ጣቢያ አለ። ከጣቢያው ደጃፍ አምስት ልጆች ይታያሉ። ከነሐስ የተሠሩ ሐውልቶች ናቸው። ሻንጣቸው አጠገባቸው ነው። እናትና አባት ግን የሉም።

እነዚህ ልጆች እነማን ናቸው? ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመቱን የምንነግራችሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1938 ጀርመንን የሚገዛው የናዚ መንግሥት አይሁዶችን ማሳደዱን አባሰው። ሱቃቸው ተሰባበረ፤ ጸሎት ቤታቸው ተቃጠለ። በዚህ ጊዜ እንግሊዝ ከ17 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ያለ ወላጅ እንዲገቡ ፈቀደች። ወላጆች ምን ያድርጉ? ልጅን አቅፎ አብሮ መሞት ወይስ ብቻውን መስደድ? ብዙዎቹ አንጀታቸው እያረረ ልጆቻቸውን በባቡር አሳፈሩ። በልጆቹ አንገት ላይ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ተንጠለጠለ። እስከ 1939 ድረስ ወደ 10,000 የሚሆኑ ልጆች እንዲህ ወጡ።

ሐውልቱን የሠራው ፍራንክ ማይስለር ራሱ ከነዚያ ልጆች አንዱ ነበር። በ1939 ዳንዚግ ከምትባል ከተማ በባቡር ሲወጣ ዕድሜው 13 ዓመት ነበር። ወላጆቹ ኋላ በአውሽዊትዝ ተገደሉ። እሱ አድጎ ቀራፂ ሆነ። የለንደኑን ሐውልት በ2006 አቆመ። በ2008 ደግሞ በበርሊን ሌላ ሠራ። በዚያ ሁለት ልጆች ወደ አንድ በኩል ያያሉ፤ እነሱ የዳኑት ናቸው። አምስቱ ወደ ሌላ በኩል ያያሉ፤ እነሱ ወደ ሞት የተጋዙት ናቸው።

የዳኑትም ቢሆኑ ብዙ ጎድሎባቸዋል። በማያውቁት ቤት፣ በማያውቁት ቋንቋ አደጉ። ከትንንሾቹ የእናታቸውን ቋንቋ የረሱ አሉ። ጦርነቱ ሲጀመር ፖስታ ተቋረጠ። በቀይ መስቀል በኩል የሚላከው መልእክት ከ25 ቃል እንዳይበልጥ ተወሰነ። ለብዙዎቹ ልጆች ያቺም አጭር መልእክት አንድ ቀን ቀረች። ወላጆቻቸውን ዳግመኛ አላዩም።

ዛሬ መንገደኛው በሐውልቱ አጠገብ ያልፋል። ቆም ብሎ ያየ ሰው ግን ይጠይቃል፦ «የነዚህ ልጆች እናት የት አለች?» ሐውልቱ የቆመው ይህ ጥያቄ እንዳይረሳ ነው።

እኛም አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። እናንተ ከልጃችሁ ብትለዩና 25 ቃል ብቻ ቢፈቀድላችሁ ምን ትሉታላችሁ? እስቲ ደብተራችሁን አውጡና ጻፉት። ቃሉንም ቁጠሩ።