ጎረቤቱን ብቻ የሚያውቀው ኤልኤልዲፒ

ከነቀምት ተነስቶ ወደ መንዲ የሚሄድ እንግዳ መንገድ ሲጠይቅ «ጊምቢ ስትደርስ ጠይቅ» ይባላል። ጊምቢ ላይ ነጆን ያሳዩታል፣ ነጆ ላይ መንዲን። የኔትወርክ ስዊቾች የሚተዋወቁበት ኤልኤልዲፒም እንደዚሁ ነው፤ አንድ ስዊች የሚያውቀው በገመዱ ጫፍ ያለውን ጎረቤቱን ብቻ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምት፣ ጊምቢና ሻምቡ ላይ ግቢ አለው። እንዲህ በተራራቀ ተቋም ኔትወርክ የሚሠራ ባለሙያ ራክ በከፈተ ቁጥር የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይሄ ገመድ ከየት መጣ? ገመዱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ወድቋል፤ የጻፈው ሰውም ሥራ ቀይሯል።

ኤልኤልዲፒ የተከፈተበት ስዊች ግን አብዛኛውን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ ስሙን፣ የፖርቱን መለያና የመቆጣጠሪያ አድራሻውን በየፖርቱ ይልካል። ተቀባዩ መዝግቦ ያስቀምጣል እንጂ ወደ ሌላ አያሳልፍም። ስለዚህ የኔትወርኩን ካርታ የሚሠራ ሰው ከስዊች ስዊች እየገባ መጠየቅ አለበት። በአንድ ፖርት ሦስት ጎረቤት ከታየው መሃል ላይ ማን ያስገባው የማይታወቅ ርካሽ ስዊች መኖሩን ይጠርጥር፤ አንዳንዶቹ መልእክቱን ዝም ብለው ያሳልፉታል።

የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ ቀደም ብሎ ለዚሁ ሥራ ሲዲፒ የተባለ የራሱን ፕሮቶኮል አውጥቶ ነበር። ችግሩ፣ ከሲስኮ ጎን የሁዋዌ ስዊች ሲገባ የጋራ ቋንቋ ያስፈልጋል። ደረጃ አውጪው ማኅበር አይትሪፕልኢ እ.ኤ.አ. በ2005 802.1ኤቢ ብሎ ያጸደቀው ኤልኤልዲፒ ለዚህ ነው። በብዙ የሲስኮ ስዊቾች ላይ ሲዲፒ ከፋብሪካ ተከፍቶ ይመጣል፤ ኤልኤልዲፒን ግን ባለሙያው ራሱ ይከፍተዋል።

ዋናው ሥራ ያለው ፖርቱ ላይ ነው። መላክና መቀበል ለየብቻ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። በስዊቾች መካከል ባለው መስመር ሁለቱም ይከፈቱ። የቢሮ ስልክ የሚሰካበት ፖርትም ያስፈልገዋል፤ ስልኩ የድምፁን ቪላን፣ ማለትም ለድምፅ የተለየውን የኔትወርክ ክፍል፣ የሚያውቀው በዚሁ መንገድ ነው። ወደ ውጭ በሚወጣው መስመርና ማንም ላፕቶፕ በሚሰካበት የቤተ መጻሕፍት ፖርት ላይ ግን መላኩ ይዘጋ። በመልእክቱ ውስጥ ያለውን የስዊቹን ሞዴልና የሶፍትዌር ስሪት ለማያውቁት ሰው መንገር ምን ይባላል? መቀበልም ቢሆን አደጋ አለው፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 አርሚስ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ የሲስኮ መሣሪያዎች ሲዲፒን በሚያነቡበት ሶፍትዌር ላይ 5 ቀዳዳዎች ማግኘቱን ይፋ አድርጓል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ኤልኤልዲፒ በሥርዓቱ ሲዘጋ «ከመዝገብ ሰርዙኝ» የሚል የመጨረሻ መልእክት ይልካል። መብራት ድንገት ሲሄድ ግን ስዊቹ ሳይሰናበት ይጠፋል፤ ስሙም በጎረቤቱ ሰንጠረዥ ላይ እስከ 120 ሰከንድ ሊቆይ ይችላል። በዚያች ሁለት ደቂቃ ውስጥ ሰንጠረዡን ያየ ባለሙያ የጠፋውን ስዊች እየሠራ ነው ብሎ ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል።