ሐኪሙ ላይ መናደድም ሕክምና ነው

ሳይኮአናሊሲስ በሚባለው የአእምሮ ሕክምና ታካሚው ሶፋ ላይ ይጋደማል፤ ሐኪሙ ከራስጌው ኋላ፣ ከማይታይበት ይቀመጣል። የታካሚው ግዴታ ወደ ሐሳቡ የመጣውን ሁሉ፣ ቢያሳፍርም ሆነ ተራ ቢመስል፣ ሳይመርጥ መናገር ነው። በተለመደው አሠራር በሳምንት አራት አምስት ቀን፣ በየጊዜው ሃምሳ ደቂቃ ያህል፣ ለዓመታት እንዲህ ይቀጥላል። ሐኪሙ እንዲህ አድርግ፣ እንዲያ ተው አይልም። ታዲያ ሰው በምን ይለወጣል?

የሕክምናው መሥራች ሲግመንድ ፍሮይድና ባልደረባው ዮዜፍ ብሮየር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 ባሳተሙት መጽሐፍ የሰጡት መልስ ቀላል ነበር፦ የታፈነው ትዝታ ከነስሜቱ ሲነገር ሕመሙ ይለቃል። ግን የችግሩን ምንጭ ማወቅ ብቻውን እንደማይፈውስ ቆይቶ ታየ።

ይህን ከሁሉ በላይ ያሳየችው ፍሮይድ በጽሑፉ ዶራ ያላት የ18 ዓመት የቪየና ወጣት ናት። ሳልና የድምፅ መዘጋት ያስቸግራት ነበር። የአባቷ ወዳጅ የሆነ ባለትዳር ሰው እየተከታተለ አስቸግሯታል፤ ስትናገር ደግሞ አባቷ አላመናትም። ፍሮይድ በ1900 መጨረሻ ሕልሞቿን በትጋት ፈታላት። እሷ ግን በአሥራ አንደኛው ሳምንት ገደማ፣ ዲሴምበር 31 ቀን፣ በቃኝ ብላ ወጣች። በ1905 ታሪኩን ሲያሳትም፣ በዚያ ሰው ላይ የነበራትን ቂም ወደ እሱ አዙራ እንደነበርና በጊዜው እንዳልደረሰበት ጻፈ። በእኔ ግምት ከተሳኩለት ሕክምናዎች ይልቅ ይህ ውድቀት ሙያውን አስተምሯል።

በ1914 ደግሞ ታካሚ ያላስታወሰውን በድርጊት እንደሚደግመው፣ ያንንም ደጋግሞ ለመሥራት ጊዜ እንደሚያስፈልግ አስረዳ። ሥራዎቹን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ጄምስ ስትሬቺ በ1934 ነገሩን አጠራው። ቁጡ አባት ያሳደገው ሰው አርፍዶ ሲመጣ ሐኪሙም እንደ አባቱ ይቆጣኛል ብሎ ይጠብቃል እንበል። ሐኪሙ አይቆጣም፤ ዝም ብሎም አያልፈውም፤ ፍርሃቱን ራሱን አንሥቶ ያነጋግረዋል። ሰውየው የጠበቀውንና ፊቱ ያለውን ሰው እዚያው፣ ስሜቱ ሳይበርድ ያስተያያል። ለውጡ ከዚህ ይጀምራል፤ በአንድ ጊዜም አይመጣም፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው።

የሚፈውሰው ማስተዋሉ ነው ወይስ ግንኙነቱ? ባለሙያዎቹ ዛሬም ይከራከራሉ። እኔ ሁለቱ የሚነጣጠሉ አይመስለኝም። ይህን ሕክምና የጀመራችሁ ካላችሁ፣ ሐኪሙን የጠላችሁት ዕለት አትቅሩ፤ ሄዳችሁ ንገሩት።