ከዕጩ ዳኛ ስም በታች የሚጻፈው ማዕረግ

ዳኛ በሕዝብ ድምፅ ይመረጣል ቢባል ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ሳይገረሙ አይቀሩም። በአገራችን የፌዴራል ዳኛ የሚሾመው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነውና የዕጩ ዳኛ ስም በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ታትሞ አላየንም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ግን የአውራጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የስድስት ዓመት ዘመኑን ሲፈጽም ተወዳዳሪ ከተነሣበት ለምርጫ ይቀርባል፤ ካልተነሣበት ስሙ እንኳ በወረቀቱ ላይ ሳይወጣ ወንበሩ ይጸናለታል። ትንሿ ኢትዮጵያ የተባለው ሰፈር በሚገኝበት በሎስ አንጀለስም ዜግነት ያገኙ ወገኖቻችን ይህን ድምፅ ለመስጠት መብት አላቸው።

ታዲያ መራጩ ምን አይቶ ይመርጣል? ምርጫው ከፓርቲ ውጪ ስለ ሆነ የፓርቲ ስም አያገኝም። ዕጩውም ወደ ችሎት ሊመጣ በሚችል ጉዳይ እንዲህ እፈርዳለሁ ብሎ ቃል እንዳይገባ የዳኝነት ሥነ ምግባር ይከለክለዋል። ስለ ራሱ መግለጫ ለመራጮች በሚታደለው መጽሐፍ ላይ ቢያሳትም ወጪው ከኪሱ ነው። እንግዲህ ከስሙ በታች የምትጻፈው፣ በእንግሊዝኛው ከሦስት ቃል የማትበልጠው የሙያ መግለጫ ለብዙው መራጭ የሰውዬው ሙሉ ታሪክ ሆና ትቀራለች። (ማዕረግ ወዳድነቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም፤ ከእኛም መካከል የሹመቱ ደብዳቤ ሳይደርሰው የስም ካርድ የሚያሳትም አይጠፋም።)

የግዛቲቱ የምርጫ ሕግ ዕጩ ራሱን «ታዋቂ» ወይም «ሊቅ» እያለ እንዳያወድስ ከልክሏል። ሆኖም በሎስ አንጀለስ ለዳኝነት የሚወዳደሩ ዐቃብያነ ሕግ ሌላ መንገድ አገኙ። «የወሮበሎች ግድያ ዐቃቤ ሕግ»፣ «የከባድ ወንጀል ዐቃቤ ሕግ» እያሉ ማጻፍ ያዙ። ጎበዝ ነኝ ማለት የተከለከለው ሰው የነፍሰ ገዳይ አሳዳጅ ነኝ ማለት ተፈቀደለት! መራጩም ልጆቹን አስቦ፣ ሰፈሩን አስቦ፣ ምልክቱን ከዚያ ስም አጠገብ ያደርጋል። የተመረጠው ሰው ምናልባት የሚመደበው የባልና የሚስት ክርክር ወደሚታይበት ችሎት ይሆናል። ወደ ወንጀል ችሎት ከሄደ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው፤ ከፊቱ የሚቆመው ተከሳሽ ገና ጥፋቱ አልተረጋገጠም፣ ዳኛው ግን ድምፅ ያገኘው በአሳዳጅነቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሕግ ይህን በር ዘጋ። ከ2018 መግቢያ ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሕግ ዐዋቂ ለዳኝነት ሲወዳደር በደንብ የተወሰነለትን ትክክለኛ የሥራ መጠሪያ ከነመሥሪያ ቤቱ አውራጃ ወይም ከተማ ይጽፋል፤ ካልፈለገም «ጠበቃ» ብቻ ይላል። በግሉ የሚሠራው «ጠበቃ» ይላል፣ ሌላ ዋና ሥራ ካለውም ይጨምርበታል። የሚያስፈሩት ቃላት ጠፉ።

እኛ ግን ሥራው ተፈጽሟል አንልም። «ምክትል የአውራጃ ዐቃቤ ሕግ» የሚለው መጠሪያ ራሱ የመንግሥት ግርማ ያለበት ነው፤ ኻያ ዓመት በግሉ ሲሟገት የኖረው ሰው በአጠገቡ «ጠበቃ» ተብሎ ብቻ ይቆማል። ለሁሉም አንድ መጠሪያ ቢሰጥ እንመርጣለን። እንዲያ ከሆነ መራጩ የባሰ ጨለማ ውስጥ ይገባል የሚል እንደሚነሣ እናውቃለን፤ እውነትም አለው። ስለዚህ የዕጩዎቹን መግለጫ የማሳተሙ ወጪ በእያንዳንዱ ዕጩ ኪስ መሆኑ ቀርቶ ከአውራጃው ግምጃ ቤት ቢከፈል፣ መራጩ ሦስት ቃል ሳይሆን አንድ ገጽ አንብቦ ድምፁን ይሰጥ ነበር።