ያለ ምንም ምክንያት

ለማታ ሺፍት ስገባ የማዕድ ቤቱ ወለል ሩዝ በሩዝ ሆኗል። ቀን የዋለችው ልጅ ኮቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሰባት ወሯ ነው። «እህቴ፣ ዛሬ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት ብድግ ብሎ ሳህኑን ወረወረው፤ ክንዴንም ቧጨረኝ» አለችኝ። ኢንሲደንት ሪፖርቱንም በእንግሊዝኛ እንደዚያው ጽፋዋለች፦ ያለ ምንም ምክንያት።

አልፈረድኩባትም። እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስንቱን ሪፖርት በዚህች ሐረግ ዘግቼዋለሁ።

ሥራችንን ለማያውቅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ግሩፕ ሆሞች ውስጥ የምንሠራ ሐበሾች ብዙ ነን። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሦስት አራት ሰዎች እንደ ጎረቤቶቹ ባለ ተራ ቤት ይኖራሉ፤ እኛ በፈረቃ እናበላለን፣ እናጥባለን፣ መድኃኒት እንሰጣለን፣ ሐኪም ዘንድ እናደርሳለን። ነርሲንግ እስክጨርስ፣ ወረቀቴ እስኪያልቅ እየተባለ የሚጀመር ሥራ ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ቆየሁበት።

ሳህኑን የወረወሩትን ሰው ጋሼ እላቸዋለሁ። ስማቸውን አልጽፍም፣ ሕጉም አይፈቅድም፤ ማንነታቸውን ሊያሳውቅ የሚችለውንም ነገር ለውጫለሁ። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። አይናገሩም። ልጅነታቸውንና የወጣትነታቸውን ዘመን ያሳለፉት ሎረል፣ ሜሪላንድ በነበረው ፎረስት ሄቨን ነው። የዋሽንግተን ከተማ በ1925 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የከፈተው ትልቅ ተቋም ነበር። እንደ ጋሼ ያሉ ሰዎች ከቤተሰብ ተለይተው እዚያ ይገቡና ብዙዎቹ እዚያው ያረጁ ነበር። ቤተሰቦች በ1976 ከሰሱ፤ ተቋሙ የተዘጋው ግን በ1991 ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እንኳ ተጋድመው ሲመገቡ ምግብ ወደ ሳንባቸው እየገባ የሞቱ ነበሩ። ክሱ ራሱ ፍርድ ቤት ውስጥ ያበቃው በ2017 ነው።

ይህን ታሪክ በሥልጠናው ሰዓት ሁላችንም እንሰማዋለን። ሰምተንም ምግብ ማቅረብ ስንጀምር እንረሳዋለን።

ልጅቷን ኮቷን እንድታወልቅ ለመንኳትና አብረን ቁጭ አልን። «የኔ እናት፣ ከመወርወራቸው በፊት ምን ነበር?» አልኳት። ምንም አልነበረም አለች። ከዚያ በፊትስ? እየበሉ ነበር። አንቺስ? ቶሎ ቶሎ እየጎረሱ ስለነበር፣ ትን እንዳይላቸው ሥጋውን ላደቅላቸው ብላ ሳህኑን ሳብ አድርጋዋለች። የአመጋገብ ዕቅዳቸውም የሚለው ሥጋው ይድቀቅ ነው፤ በደንብ አንብባዋለች። ነገር ግን ሳህኑ ከፊታቸው ሲነሣ ተመልሶ እንደሚመጣ ጋሼ በምን ያውቃሉ? ብዙ ሰው ባለበት፣ ጥቂት ሠራተኛ በሚሯሯጥበት አዳራሽ ውስጥ ያደገ ሰው፣ የተነሣ ሳህን የተነሣ ነው። ፈጥኖ መጉረስም እዚያ ብልህነት ነበር።

በማግስቱ ሥጋውን አስቀድመን አድቅቀን በሁለት ትንንሽ ሳህን አቀረብን። ሁለተኛው ሳህን ከእጃቸው ራቅ ብሎ፣ ከዓይናቸው ግን ሳይሰወር። ጋሼ አንዴ ወደ እሱ፣ አንዴ ወደ እኛ እያዩ በሉ። ፍጥነታቸው ባንዴ አልቀነሰም፤ ሳህን ግን አልተወረወረም።

ሁሉም እንዲህ በአንድ ማታ ቢፈታ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጋሼ ሌሊት እየተነሡ ግንባራቸውን በግድግዳ መምታት ጀመሩ። ልናጥባቸው ስንቀርብ ይገፉናል፣ ይነክሳሉ። እኛ «ባህሪ» ብለን ጻፍን፤ ሐኪሙ የጻፍነውን አነበበና የሚያረጋጋውን መድኃኒት መጠን ጨመረ። ባሰባቸው። እንደገና ጻፍን፤ እንደገና ተጨመረ። በኋላ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ ድንገተኛ ክፍል ስንወስዳቸው፣ አንጀታቸው በድርቀት ተዘግቶ ተገኘ።

በሥልጠናው ላይ በእኛ ሥራ ሰው የሚገድሉ አራት ነገሮች ተብለው የሚቆጠሩ አሉ፦ ምግብ ወይም ምራቅ ወደ ሳንባ መግባት፣ የሰውነት ውሃ ማለቅ፣ የሚጥል በሽታና የሆድ ድርቀት። ድርቀት ከነዚህ ጋር መቆጠሩ ያን ጊዜ ገርሞኝ ነበር። «ሆዴን አመመኝ» ማለት ለማይችል ሰው ግን ድርቀት የቀናት ስቃይ ነው። ለባህሪ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ብዙዎቹ ደግሞ ራሳቸው ሆድ ያደርቃሉ። ሕመሙ ጩኸት አመጣ፣ ጩኸቱ መድኃኒት አስጨመረ፣ መድኃኒቱ ሕመሙን አባሰው። እኔስ? ሽንት ቤት መቀመጣቸውን ከጓደኛዬ ሰምቼ፣ በዓይኔ ሳላይ የሰገራውን መዝገብ ሦስት ቀን «ደህና» ብዬ ፈርሜበታለሁ። ፊርማዬ እዚያ አለ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ጠባዩ ባንዴ ሲለወጥ መጀመሪያ ሆዱን፣ ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ ሽንቱን እጠይቃለሁ። ነርሷ እስክትሰለቸኝ ድረስ እደውላለሁ።

በአማርኛ «አመለኛ» የምንላት ቃል አለችን። አመል ያወጣል ከመሃል እንላለን። አመለኛ ካልን በኋላ ነገሩ የሰውየው ነው፤ እኛ ከጉዳዩ ወጣን። «አስቸጋሪ ባህሪ» የሚለው የመሥሪያ ቤት ቃልም ካልተጠነቀቁበት ወደዚያው ይወስዳል፤ ማን እንደተቸገረ አይናገርምና።

በ1985 ኤድዋርድ ካርና ማርክ ዱራንድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአራት ልጆች ላይ ያሳተሙትን ጥናት ለአዲስ ሠራተኛ ሁሌ እነግራለሁ። አንዳንዱ ልጅ የሚረብሸው ሥራው ሲከብደው፣ አንዳንዱ ደግሞ የሚያየው ሲያጣ መሆኑን አስቀድመው ለዩ። ከዚያ ለከበደው «አልገባኝም» ማለትን፣ ዓይን ለናፈቀው «ጥሩ እየሠራሁ ነው?» ብሎ መጠየቅን አስተማሩ። ረብሻው ቀነሰ። ልቤን የነካው ግን ሌላው ግኝታቸው ነው፦ ከምክንያቱ ጋር የማይገጥም ቃል ያስተማሩ ጊዜ አልቀነሰም። መልካም ማሰባችን ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ የጠየቀውን ማወቅ አለብን። እኛም ቤት መኪና ውስጥ ከጎኑ ያለውን ሁሉ የሚቆነጥጥ ወጣት አለ። ሬዲዮው ሲጮኽ መዳፉን ዘርግቶ «ይብቃ» ማለትን ለመማር አራት ወር ፈጀበት። አሁን መዳፉን ሲዘረጋ የሚነዳው ሰው፣ ዘፈኑ የቱንም ያህል ቢጥመው፣ ያጠፋዋል። አንድ ቀን ቸል ካልነው ወደ መቆንጠጡ ይመለሳል፤ ልክም ነው።

ስለ ራሳችን አንድ ነገር ልናገር፣ ወገኖቼ አይቀየሙኝ። ሁለት ሐበሾች አንድ ሺፍት ላይ ከተገናኘን ወሬው ይደራል። ስልክም አለ፤ ከአገር ቤት የሚደወለው ብዙ ጊዜ በእኛ የሥራ ሰዓት ነው። ጋሼ መሃላችን ተቀምጠው፣ ከላያቸው በማያውቁት ቋንቋ ስንሳሳቅ አንድ ሰዓት ያልፋል። ከዚያ ጠረጴዛውን ይደበድባሉ። አንዴ የደበደቡባቸውን ሰዓቶች ከሺፍት ሰሌዳው ጋር አመሳከርኩ፤ ካበሳጯቸው ነገሮች አንዱ እኔ ነበርኩ።

አሁን በአማርኛም ቢሆን እያናገርኳቸው ነው። አንቱ እላቸዋለሁ። እንግሊዝኛው አንተና አንቱን አይለይምና፣ የጎልማሳውንም የሽማግሌውንም ካልሲ ስናጠልቅ የሕፃን ድምፅ እናወጣለን። «ጋሼ፣ እግርዎን ይስጡኝ» ብሎ በዚያ ድምፅ መናገር ግን አይቻልም፤ አፍ እምቢ ይላል። ቃሉ ይግባቸው አይግባቸው አላውቅም። የእኔ እጅ ግን ይለዝባል፤ እሱን ያውቁታል።

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ድምፁን እንጂ መልኩን የማናውቀው ልጅ ነበር፤ ከጓሮ ክፍል ይጮኽ ነበር። እናቱ ጨካኝ አልነበረችም። የምትወስደው ቦታ አልነበራትም፣ የሰው ዓይንም ፈርታለች። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን ይዘው በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ እኔ ያንን ሰፈር ለቅቄ ነበር። ዜናውን ስሰማ ያሰብኩት ያንን ድምፅ ነው።

የጋሼ አንድ ነገር እስካሁን አልገባኝም። እሑድ እሑድ ሲመሽ ጫማቸውን ይዘው የፊት በሩ ላይ ይቆማሉ። ቦታው መልሱት ከተባሉ ራሳቸውን ይመታሉ። ፋይላቸውን ከዳር እስከ ዳር አገላብጬዋለሁ። እሑድ የሚመጣላቸው ዘመድ ነበር? የሚሄዱበት ቦታ? የሚጠየቅ ቤተሰብ አልተረፈም። ስለዚህ እሑድ ሲመሽ ጫማቸውን አጠልቅላቸውና እንወጣለን። አንዳንዴ አንድ ዙር ይበቃቸዋል፣ አንዳንዴ ሦስትም አይበቃም። ትናንት በረዶ ጥሎ ነበር። ክንዴን ይዘው እስከ ጥጉ መብራት ሄድን፣ ትንሽ ቆምን፣ ተመለስን።