የአባባ ሸክላ ቨርጂኒያ አልገባም

አባባ ካረፉ ወዲህ ሸክላዎቻቸውን የነካ ሰው አልነበረም። ባለፈው ክረምት ልጄ ከቁም ሣጥኑ አውጥቶ አቧራቸውን ጠረገ፤ አሮጌውን ማጫወቻም በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ መገልበጥ ጀመረ። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ሙዚቃው 40 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ግልባጩም 40 ደቂቃ ይፈጃል፤ መሀል ላይ ተነስቶ ሸክላውን ወደ ሁለተኛው ገጽ ማዞርም አለ።

አባባ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ካናዳዊው ግሌን ጉልድ በፒያኖ የተጫወተውን የባኽን «ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ» ነበር። እናቴ ድምፁን ስትሰማ መጥታ ማጫወቻው አጠገብ ተቀመጠች፤ አባባ ያንን ሸክላ ወደ ቤት ያመጡበትን ቀን ትተርክ ጀመር። ልጄ በስልኩ ቀረጻት። ከቀብሩ ወዲህ እንዲያ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።

ለዘመድ ሁሉ ይድረስ ብሎ ቪዲዮውን ኢንተርኔት ላይ ጫነው። ፍራንክፈርት ያለው ወንድሜ አይቶ እያለቀሰ ደወለ። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ግን ያየችው የእናታችንን ፊት ሳይሆን፣ በባለመብት ጥያቄ ምክንያት ቪዲዮው በእሷ አገር እንደማይታይ የሚናገር ጽሑፍ ነው።

ልጄ ተናደደ። «ባኽ ከሞተ ስንት ዘመኑ? የገለበጥኩትስ እኔ አይደለሁ?» አለ። እኔም መጀመሪያ የእሱ ወገን ነበርኩ። ኋላ ሳጠያይቅ ነገሩ ሁለት መብት መሆኑ ገባኝ። አንዱ የድርሰቱ ነው። ባኽ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1750 ስለሆነ ድርሰቱ የሁሉም ሰው ነው። ሌላው የቀረጻው ነው፤ ጉልድ የቀረጸው በ1955፣ ሸክላው የወጣው በ1956። በአውሮፓ ያኔ ለቀረጻ የሚሰጠው ጥበቃ 50 ዓመት ስለነበር በ2006 መጨረሻ አበቃ፤ ኋላ ወደ 70 ዓመት ሲራዘምም ያለቀውን አልመለሰም። አሜሪካ በ2018 ባወጣችው ሕግ ግን ከ1947 እስከ 1956 የወጡ ቀረጻዎች ለ110 ዓመት ይጠበቃሉ። የአባባ ሸክላ እዚያ ነጻ የሚወጣው በ2067 መባቻ ነው ማለት ነው። ለእናቴ ስነግራት «እስከዚያ ማን ይኖራል!» ብላ ሳቀች።

የእኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለቀረጻ 50 ዓመት፣ ለደራሲ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይሰጣል። ስለዚህ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ሸክላ ቤቱ ያለ ሰው ነገሩን እንደ ባኽ አይቁጠረው፤ ድርሰቱ የራሳቸው ነው፣ ያረፉትም በ2015 ዓ.ም. ነው። ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ መገልበጥን አዋጁ ይፈቅዳል። ለዓለም መበተን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ልጄ እንዳሰበውም መገልበጥ ባለቤት አያደርግም።

ባለመብት መብቱን ማስከበሩን አልጠላም። የእኛ ዘፋኞች በካሴት ግልባጭ ስንት እንጀራ እንደቀረባቸው የኔ ዘመን ሰው ያውቃል፤ እኔም ገልብጫለሁ። የከነከነኝ፣ ያ መፈተሻ ማሽን ፒያኖውን ለይቶ ሲያውቅ ከፒያኖው ጋር የእናቴንም ድምፅ መዝጋቱ ነው።

ልጄ ማጫወቻውን አጥፍቶ እናቴን እንደገና ቀረጻት። ታሪኩ አጠረ፤ ሸክላው ካልዞረ ነገሩ አይመጣላትም። የመጀመሪያውን ቪዲዮ ፍላሽ ላይ አድርገን ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ዘመድ ሰጠነው። እህቴ ስትደውል ስለ ሙዚቃው አላነሳችም። የጠየቀችው እናታችን የለበሰችው ሹራብ የአባባ መሆኑን ነበር።