ቶማስ ኦዶዮ፡ ኬንያ ምትክ ያላገኘችለት የክሪኬት ወርዋሪ

የኬንያ ስም ሲነሳ ለብዙዎች ቀድመው የሚታወሱት የረዥም ርቀት ሯጮቿ ናቸው። በአውሮፓውያኑ 2003 ግን አገሪቱ በሌላ ስፖርት የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ ነበር፤ በክሪኬት።

በዚያ ቡድን ውስጥ በ1978 ናይሮቢ የተወለደው ቶማስ ኦዶዮ ይገኝበታል።

ኦዶዮ በክሪኬት አነጋገር "ፈጣን መካከለኛ" የሚባል ወርዋሪ ነበር። ወርዋሪ ተንደርድሮ፣ ክንዱን ዘርግቶ ኳሷን ወደ መቺው ይልካል። ዓላማው ከመቺው ጀርባ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች መምታት፣ አልያም መቺው የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ እንድትቀለብ ማድረግ ነው። መቺው በዚህ መንገድ ከጨዋታ ሲወጣ ለወርዋሪው አንድ "ዊኬት" ይቆጠርለታል።

እጅግ ፈጣን የሚባሉት ወርዋሪዎች በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ይወረውራሉ። እንደ ኦዶዮ ያለው ግን በፍጥነት ብቻ መቺን አያስደነግጥም። መሣሪያው በኳሷ ወገብ ዙሪያ ያለው ስፌት ነው። ስፌቱ መሬት ሲነካ ኳሷ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ትታጠፋለች፤ አንዳንዴ ወዴት እንደምትታጠፍ ወርዋሪው ራሱ አያውቅም። ሙያው ኳሷን አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ የማሳረፍ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ኦዶዮ በ1996 የዓለም ዋንጫ ህንድን ሲገጥም ገና 17 ዓመቱ ነበር። በዚያው ውድድር ኬንያ 166 ነጥብ ብቻ አስመዝግባ፣ ሁለት ጊዜ ዋንጫውን ያነሳችውን ዌስት ኢንዲስን በ93 አስቀረቻት።

በ2003 ደግሞ ስሪ ላንካ ናይሮቢ ላይ በ53 ነጥብ ተሸነፈች። ኒው ዚላንድ በጸጥታ ሥጋት ወደ ናይሮቢ አልሄድም በማለቷ ነጥቡ ለኬንያ ተሰጠ። እርግጥ ይህ ዕድል ነበር፤ የስሪ ላንካው ድል ግን በሜዳ ላይ የተገኘ ነው።

ኦዶዮ በአምስት የዓለም ዋንጫዎች ተጫውቷል። የአምስት ቀኑን "ቴስት" የመጫወት ደረጃ ካላገኙ አገራት ወርዋሪዎች በአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ግጥሚያዎች 100 ዊኬት በመድረስ የመጀመሪያው ነው። በ2007ም ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ከእነዚሁ አገራት ተጫዋቾች ምርጡ ብሎ ሸልሞታል።

ታዲያ ተተኪው ለምን ጠፋ?

መልሱ በአብዛኛው ያለው በአገር ውስጥ ውድድሩ ውስጥ ነው። የናይሮቢ ክሪኬት የቆመው ብዙዎቹ ትውልደ እስያ ኬንያውያን በመሠረቷቸው ጥቂት ክለቦች ላይ ነው፤ ናይሮቢ ጂምካና፣ ስዋሚባፓ እና ካንቢስ ከእነርሱ መካከል ናቸው። ጨዋታው በዋናነት የቅዳሜና እሑድ ነው። በ50 ዙር ግጥሚያ አንድ ወርዋሪ ቢበዛ 60 ሕጋዊ ኳስ ይወረውራል፤ በቀናት ግጥሚያ ግን ገደብ የለበትም። ትዕግሥትን የሚያስተምረው ይህ ረዥም ጨዋታ በአገር ውስጥ ሥር አልሰደደም።

በ2004 በክፍያ የተነሳ በተጫዋቾችና በአስተዳዳሪዎች መካከል የተፈጠረው ውዝግብ ደግሞ ቡድኑን ከፋፈለው።

በ2011ዱ የዓለም ዋንጫ ኬንያ ስድስቱንም ጨዋታ ተሸነፈች። በ2014 በአንድ ቀን ግጥሚያ የነበራትን ዓለም አቀፍ ደረጃ አጣች።

ኦዶዮ በኋላ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሆነ። በ2018 ኬንያ ናሚቢያ ላይ በተካሄደው የሁለተኛ ዲቪዚዮን ውድድር መጨረሻ ወጥታ ወደ ሦስተኛው ስትወርድ ከኃላፊነቱ ለቀቀ። የቡድኑ አምበልና የአገሪቱ የክሪኬት ማኅበር ፕሬዚዳንትም አብረውት ለቀቁ።