ከሰላምታ በፊት የሚናገር ላኪ፦ ስፓምን በስድስት ሰከንድ መለየት

ስፓምን መከላከል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የመልእክቱን ይዘት መርምሮ የሚያጣራ ፕሮግራም ነው። ይሁንና ብዙ ስፓም አንድም ቃል ሳይነበብ ገና ከበር ሊመለስ ይችላል፤ ለዚህ የሚበቃው ተቀባዩ ሰርቨር ሰላምታውን በጥቂት ሰከንድ ማዘግየቱ ነው። ዘዴው ውጤታማ የሆነው ስፓም ላኪው በጣም የሚሳሳለትን ጊዜውን ስለሚነካበት ነው።

ኢሜይል በሚጓዝበት በኤስኤምቲፒ ደንብ መሠረት ንግግሩን የሚጀምረው ተቀባዩ ነው። ላኪው ግንኙነት ከከፈተ በኋላ በ220 ቁጥር የሚጀምር ሰላምታ እስኪደርሰው በዝምታ መጠበቅ ይኖርበታል፤ ደንቡም ቢያንስ 5 ደቂቃ እንዲታገሥ ይመክረዋል። ደንቡን የሚያከብር ሰርቨር ይጠብቃል። በቫይረስ ተጠልፎ ስፓም የሚረጭ ኮምፒውተር ግን ብዙ ጊዜ መልስ ሳይሰማ ትእዛዙን ያዥጎደጉዳል። ሴንድሜይል የተባለው የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2004 ሰላምታን የማዘግየት አማራጭ ያካተተው ይህን ጠባይ ለማጋለጥ ነው። የሌላው የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም የፖስትፊክስ አካል የሆነው ፖስትስክሪን ደግሞ ወጥመድ ጨምሮበታል፦ መጀመሪያ ከ220 ቀጥሎ ሰረዝ ያለበት መስመር ይልካል። ሰረዙ «ሰላምታው አላለቀም» ማለት ነው። በቀጣዮቹ 6 ሰከንዶች ውስጥ አፉን የከፈተ ላኪ ማንነቱ ታወቀ።

«ስፓም ላኪዎችም መጠበቅን ይማራሉ» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት ነው፤ የተማሩም አሉ። ግን መጠበቅ በነፃ አይገኝም። በአንድ ጊዜ 100 ግንኙነት ከፍቶ እያንዳንዱን በ1 ሰከንድ የሚጨርስ ማሽን በሰከንድ 100 መልእክት ይልካል፤ በየግንኙነቱ 6 ሰከንድ ሲጨመርበት ወደ 14 ይወርዳል። ተጨማሪ ግንኙነት ልክፈት ቢል ይበልጥ ጎልቶ ይታያል፤ በዘገየ ቁጥርም አድራሻው በጥቁር መዝገብ የመግባት ዕድሉ ይሰፋል። መዘግየቱ ንጹሑን ላኪ ይጎዳል የሚለው ስጋትም ቀላል መልስ አለው፦ ፖስትስክሪን ፈተናውን ያለፈ አድራሻን ለአንድ ቀን ያስታውሳል፤ ዳግም አያስጠብቀውም።

የዘዴው ድንበር ሌላ ቦታ ላይ ነው። የሰው የይለፍ ቃል ሰርቆ በታወቀ የኢሜይል አገልግሎት በኩል የሚልክ አጭበርባሪ ጨዋውን ሰርቨር ስለሚጠቀም ፈተናውን ያልፋል። ስለዚህ መዘግየት የይዘት ማጣሪያን አይተካም፤ ሸክሙን ግን ያቀልለታል። ብዙ የማሽን ጉልበት የሚጠይቀው ምርመራ ለሚያጠራጥሩት ጥቂቶች እንዲቀር ያደርጋል። አነስተኛ በጀት ይዞ የራሱን ሰርቨር ለሚያስተዳድር ተቋም ከዚህ የረከሰ መከላከያ ማግኘት ይከብዳል።